ላቡ ሳይደርቅ፦ የደረት ቀበቶ፣ የሩጫ ሰዓትና የውሃ ከረጢት እንዴት እንደሚጸዱ

ከረጅም ሩጫ በኋላ አውልቃችሁ ወንበር ላይ የተዋችሁትን የደረት ቀበቶ፣ ማለትም የልብ ምት የሚለካውን ማሰሪያ፣ በማግስቱ አንሡና ወደ መስኮት አስጠግታችሁ ተመልከቱት። ጠርዙን ተከትሎ የሚሄድ ነጭ መስመር አለ፤ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። ያ ጨው ነው። ላብ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃው ተንኖ ሲሄድ ጨው፣ ጥቂት ዩሪያና የቆዳ ቅባት ጨርቁ ውስጥ ይቀራሉ። እርጥብ ሳለ ንጹህ ውሃ ብቻውን ጠርጎ ይወስደዋል። ከደረቀ በኋላ ግን በክሮቹ መካከል ይጋገራል፤ ማሰሪያው በተለጠጠ ቁጥር ክሩን ይፈገፍገዋል፤ ብረት ያገኘ እንደሆነም ዝገቱን ያፋጥነዋል።

የሽታውም ነገር እንዲሁ ነው። ትኩስ ላብ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። የሚሸተው ባክቴሪያዎች ላቡንና ቅባቱን ሲያብላሉት ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሚፈልጉት እርጥበትና ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ከሩጫ እንደተመለሳችሁ፣ ጫማችሁን ከማውለቃችሁ ጋር አብራችሁ፣ የለበሳችሁትን ዕቃ ሁሉ በውሃ አለቅልቁ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። በሳምንት አንድ ቀን የሚደረገው ትልቁ እጥበት የሚቀለውም ይህ ሲለመድ ነው።

አስቀድማችሁ የምታዘጋጁት

ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና፣ አሮጌ ግን ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ ቤኪንግ ሶዳና ደረቅ ፎጣ ይበቃሉ። ከአጠገባችሁ የምታርቁት ደግሞ ሦስት ነገር አለ። በረኪና ክሩንና ላስቲኩን ይበላል። የልብስ ማለስለሻ ክሩን በስስ ሽፋን ስለሚለብጠው ጨርቁ ላብ መምጠጥና ማትነን ያቅተዋል። ሦስተኛው ሙቀት ነው፦ የፈላ ውሃ፣ የልብስ ማድረቂያ ማሽን፣ ካውያና የቀትር ጸሐይ። የሩጫ ዕቃ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ የሚለጠጥ ክር አለው፤ ያ ክር በሙቀት አንዴ ከላላ ወደ ቀድሞው አይመለስም።

1. የደረት ቀበቶ

ከሁሉም በላይ ላብ የሚጠጣው፣ ከሁሉም በላይ የሚዘነጋውም ይህ ነው። የሚሠራው ልብ በመታች ቁጥር እስከ ቆዳ የሚደርሰውን እጅግ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት በማንበብ ነው። በውስጥ በኩል ያሉት ሁለት ለስላሳ ክፍሎች፣ ኤሌክትሮዶቹ፣ ምልክቱን የሚቀበሉ ናቸው። እነርሱ ላይ ጨውና ቅባት ሲጋገር የሚነበበው ቁጥር ይዛባል።

ይህን የተማርኩት በድንጋጤ ነው። አንድ ቀን በዝግታ እየሮጥኩ ሳለ ሰዓቴ የልቤን ምት በደቂቃ ከ200 በላይ አድርጎ አሳየኝ። ቆምኩና ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ ቆጠርኩ፤ 130 እንኳ አልሞላም። ቤት ገብቼ ቀበቶውን ገለበጥኩት። ኤሌክትሮዶቹን ስስ ነጭ ቅርፊት ሸፍኗቸዋል፤ በአውራ ጣቴ ሳሸው እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሻክር ነበር። በሳሙና አጠብኩት፤ በማግስቱ ቁጥሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ማዞር፣ የደረት ሕመም ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከተሰማችሁ ግን በቀበቶው አታሳብቡ፤ ሩጫውን አቁማችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

አጠባበቁ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ምልክቱን ወደ ሰዓት የሚልከውን ትንሽ መሣሪያ ከቀበቶው ላይ ንቀሉ። ይህ ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ መደረግ አለበት። እርጥብ ቀበቶ ላይ ከቆየ ብዙዎቹ መሣሪያዎች አሁንም ሰው ደረት ላይ ያሉ ስለሚመስላቸው አይጠፉም፤ ባትሪው በከንቱ ያልቃል። የሚያያዝባቸው የብረት ቁልፎችም በእርጥበት ይዝጋሉ።

ከዚያ ቀበቶውን በሁለቱም በኩል የሚወርድ ውሃ ሥር ይዛችሁ ኤሌክትሮዶቹን በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ እሹ። በየቀኑ ይህ ይበቃል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ብዙ ለሚያልበው ሰው ደግሞ ከዚያ ቶሎ ቶሎ፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት የሳሙና ጠብታ ጨምራችሁ ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፉትና በእጃችሁ አሽታችሁ እጠቡት። አረፋ መውጣቱ እስኪያቆም ድረስ አለቅልቁ፤ የቀረ ሳሙና በሚቀጥለው ሩጫ ከላብ ጋር ተደባልቆ ቆዳ ያቃጥላል።

አትጠምዝዙት። የኤሌክትሮዱ ሽፋን የሚሰነጠቀው ሲጠመዘዝ ነው፤ ስንጥቁ ደግሞ በዓይን አይታይ ይሆናል። በፎጣ መካከል አድርጋችሁ በመዳፍ ተጫኑት፤ ቀጥሎ ጥላ ውስጥ በጠፍጣፋ ቦታ ዘርጉት። አንዳንድ ቀበቶዎች በ30 ወይም በ40 ዲግሪ ማሽን ውስጥ እንዲታጠቡ ተፈቅዶላቸዋል። ይህ የሚታወቀው ዳሩ ላይ ከተሰፋው ትንሽ ጨርቅ ነው፤ ሳታነቡት አትሞክሩ።

ባትሪ መቀየር የዚሁ ሥራ ክፍል ነው። በብዙ መሣሪያዎች ውስጥ ያለው ክብ ባትሪ ሲአር2032 የሚባለው ነው፤ ቁጥሩ የባትሪው ልክ ነው፦ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት። ክዳኑን ስትከፍቱ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን የጎማ ቀለበት ታያላችሁ። ውሃ የማያስገባው እርሱ ነው። በንጹህ ጨርቅ ጥረጉት፤ አንዲት ፀጉር እንኳ ሳትኖርበት በቦይው ውስጥ በትክክል መግባቱን አይታችሁ ክዳኑን ግጠሙ። የወጣውን ባትሪ ጠረጴዛ ላይ አትተዉ። ሕፃን ከዋጠው በሰዓታት ውስጥ ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ሂዱ።

2. ሰዓት

የሰዓቱን ጀርባ ገልብጡት። ከመስታወቱ ሥር ብልጭ የሚለው አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ገብቶ ሲመለስ ከደም ፍሰቱ ጋር እየቀነሰና እየጨመረ ይሄዳል፤ ምቱ የሚቆጠረው በዚህ ነው። የደረቀ ላብና የጸሐይ መከላከያ ቅባት ያንን መስታወት ሲጋርዱት ንባቡ ይበላሻል። ለብ ባለ ውሃ አለቅልቃችሁ በማይክሮፋይበር ጨርቅ አድርቁት።

ማሰሪያው የሚፈታ ከሆነ በሳምንት አንዴ ፍቱት። ከሰዓቱ አካል ጋር የሚገናኝበት ጠባብ ቦታ ውስጥ የሚከማቸው ግራጫ ጭቃ፣ የቆዳ ርጋፊና ቅባት ድብልቅ፣ ተገጥሞ ሳለ ፈጽሞ አይደረስበትም። የሲሊኮን ማሰሪያ በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ይታጠባል። የጨርቁ እንደ ደረት ቀበቶው ነው። ቆዳ ማሰሪያ ለሩጫ አይሆንም፤ ላብ ያበላሸዋል።

ጎኑ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች በመርፌ አትነካኩ። ከበስተጀርባቸው የአየር ግፊት መለኪያ ወይም ማይክሮፎን ሊኖር ይችላል። ለብ ያለ ውሃ ቀስ ብሎ እንዲፈስባቸው ካደረጋችሁ በኋላ አፋቸውን ወደ ታች ደፍታችሁ ተዉአቸው። የቁልፎቹን ዙሪያም እንዲሁ፤ ውሃ ሥር ሳለ ግን ቁልፍ አትጫኑ። ሰዓቱ ጀርባ ላይ «5 ኤቲኤም» ተብሎ የተጻፈው በ50 ሜትር ጥልቀት ካለው የረጋ ውሃ ጋር እኩል ግፊት ይቋቋማል ማለት ነው። እንፋሎትንና ሳሙናን አይመለከትም፤ የሚከላከሉለት ጎማዎችም በዕድሜ ይደርቃሉ። በሙቅ ሻወርና በሳውና ውስጥ ባታስገቡት ይሻላል።

ቻርጅ ከማድረጋችሁ በፊት የብረት ነጥቦቹን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ጨዋማ እርጥበት ላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ብረቱ ይበላል፤ ነጥቦቹ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሲሆኑ ያየነው ሁሉ ይህ ነው። ነፍሳት ማባረሪያ የምትቀቡ ከሆነ ደግሞ ዲት የሚባለው ንጥረ ነገር አንዳንድ ፕላስቲኮችን እንደሚያሟሟ እወቁ፤ እጃችሁን ሳትታጠቡ ሰዓትም ሆነ መነጽር አትንኩ።

የእጅ አንጓ ላይ ቀይ ሽፍታ ከወጣ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ማሰሪያው ሥር የታፈነ እርጥበትና የሳሙና ቅሪት ነው። ከሩጫ በኋላ አውልቁት፤ ቆዳችሁንም ማሰሪያውንም አድርቁ፤ ጥቂት ቀን በሌላው እጅ እሰሩት።

3. የውሃ ከረጢት

ይህ እየሮጥን በጀርባ ተሸክመን በቱቦ የምንጠጣበት ከረጢት ነው። እዚህ ላይ ጉዳዩ ከዕቃው ዕድሜ አልፎ የጤና ይሆናል፤ ምክንያቱም ወደ አፋችን የሚገባ ነው። ንጹህ ውሃ ብቻ ይዞ የተመለሰ ከረጢት ወዲያው ተለቅልቆ ቢደርቅ ይበቃዋል። ስኳር ያለበት መጠጥ ከተያዘበት ግን በዚያው ቀን በሳሙና መታጠብ አለበት፤ ስኳር ለሻጋታ ምቹ ምግብ ነው።

ቱቦውን ከከረጢቱ፣ የሚነከሰውን አፍ ደግሞ ከቱቦው ላይ ለያዩ። አፉን በሁለት ጣት ጨመቅ አድርጋችሁ ስንጥቁን ክፈቱና ወደ ብርሃን ያዙት። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ለወራት ይጠጣል። የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ካያችሁ ሻጋታ ነው። በብሩሽና በሳሙና ሞክሩት፤ ወደ ጎማው ከዘለቀ ግን አይለቅም፤ አዲስ አፍ ለብቻው ስለሚሸጥ ቀይሩት።

ከረጢቱን ለማጽዳት በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አሟሙ። መልሳችሁ ቱቦውን ግጠሙና ውሃው እስከ አፉ ድረስ እንዲደርስ ከረጢቱን ከፍ አድርጋችሁ ጨምቁት፤ ለ30 ደቂቃ ተዉት። ቱቦው ውስጥ ልጥልጥ ያለ ሽፋን ካለ ውሃ ብቻውን አያወጣውም፤ ረጅሙ የቱቦ ብሩሽ ያስፈልጋል። ብሩሽ ከሌለ ጠንካራ ክር በቱቦው ውስጥ አሳልፉና ጫፉ ላይ ትንሽ ንጹህ ጨርቅ ቋጥራችሁ ጎትቱት። ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹህ ውሃ አለቅልቁ። ኮምጣጤና በረኪና በአንድነት በፍጹም አታድርጉ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

የሚቀረው ማድረቅ ነው፤ አብዛኛው ከረጢት የሚበላሸውም እዚህ ነው። ግድግዳዎቹ ተጣብቀው ከቀሩ በመካከላቸው ያለው ውሃ ቀናት ይቆያል። ንጹህ የእንቁላል መምቻ ወይም የተጠቀለለ የወጥ ቤት ወረቀት አስገብታችሁ አፉን ወደ ታች አንጠልጥሉት፤ ቱቦውንም ለብቻው። ማድረቂያ ጊዜ ከሌላችሁ ውሃውን አራግፋችሁ ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ አስቀምጡት። ሻጋታ በዚያ ቅዝቃዜ አያድግም። ስታወጡት ግን በረዶው ሳይለቅ አትጠፉት፤ ይሰነጠቃል።

4. የጨርቅ ዕቃዎች

ኮፍያ፣ የግንባር ማሰሪያ፣ የክንድና የባት መጠቅለያ በእጅ በሳሙና ታጥበው ጥላ ውስጥ ይሰጣሉ። ኮፍያውን በተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ካደረቃችሁት ቅርጹን ይጠብቃል። ታጥቦም የሚሸት ፖሊስተር ካለ ዘይት ስለሚይዝ ነው፤ ቤኪንግ ሶዳ ባለበት ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፋችሁ እንደገና እጠቡት። ቬልክሮ (ተጣብቆ የሚያያዝ ሻካራ ማሰሪያ) ያለውን ሁሉ ከመታጠቡ በፊት ግጠሙት፤ ካልሆነ ሌላውን ጨርቅ እየያዘ ክሩን ይመዛል። የወገብ ቦርሳ ዚፕ በጨው ሲደርቅ በጉልበት አትሳቡት። ለብ ባለ ውሃና በጥርስ ብሩሽ ጥርሶቹን አጽዱ፤ ሲደርቅ ሻማ አሹበት።

5. መነጽር፣ የጆሮ ማዳመጫና የግንባር መብራት

መነጽርን በካናቴራ ጫፍ መጥረግ ከሩጫ ልማዶች ሁሉ የከፋው ነው ብዬ አምናለሁ። አቧራ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ከፕላስቲኩ መስታወት ይጠነክራል፤ በደረቁ ስትጠርጉት እየፋቃችሁት ነው። መጀመሪያ ውሃ አፍስሱበት፣ አንድ ጠብታ ሳሙና በጣት ቀቡት፣ አለቅልቁ፤ ጨርቅ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

የጆሮ ማዳመጫውን የሲሊኮን ጫፎች ነቅላችሁ ለብቻ እጠቡ። ወንፊቱን ወደ ታች ይዛችሁ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፤ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ ይወድቃል። እርጥብ ሆኖ ወደ ማስቀመጫው አይመለስ።

የግንባር መብራትን ማሰሪያ ለይታችሁ እጠቡ። ለወራት የማትጠቀሙበት ከሆነ ተራ ባትሪውን አውጡ። ባትሪው ፈስሶ ነጭ ዱቄት ከታየ ጓንት አድርጋችሁ፣ ጥጥ በኮምጣጤ ነክራችሁ ነጥቦቹን ጥረጉ፤ ቀጥሎ በውሃ በረጠበ ጥጥ፣ ከዚያም በደረቅ። በቻርጅ የሚሠራውን ደግሞ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አስቀምጡ።

መብራቱ በእጃችሁ ሳለ አንጸባራቂ ሰደሪያችሁን ፈትሹ። በእጅ ታጥቦ፣ ካውያ ሳይነካው፣ አንጸባራቂው መስመር ሳይታጠፍ የደረቀውን ሰደሪያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ስቀሉት፤ መብራቱን ግንባራችሁ ላይ አድርጋችሁ ጥቂት ሜትር ራቁና ተመልከቱ። ብርሃኑ የሚመለሰው ወደመጣበት አቅጣጫ ስለሆነ የምታዩት የመኪና አሽከርካሪ የሚያየውን ነው። መስመሩ ደምቆ ካልበራ፣ ግራጫና የተቆራረጠ ሆኖ ከታየ፣ ዳግመኛ ሌሊት አትሩጡበት።