ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ ብላችሁ ሄዳችሁ ካደራችሁ እነዚህን ስህተቶች እንዳትሰሩ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ቢሾፍቱ ለኛ ሰፈር ጎረቤት ማለት ነች፣ እና ቅርብ ስለሆነች መሰለኝ ስንት ዓመት ሙሉ በመኪና መስኮት እያየኋት ወደ አዳማ ያለፍኩት። ባለፈው መስከረም መጨረሻ አንድ ረቡዕ ጠዋት የጀርባ ቦርሳዬን ይዤ ማታ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ፣ ባቦጋያ ዳር ቁጭ እንዳልኩ ፀሐይ ጠለቀች፣ ከወፍ ድምፅ በቀር ምንም የለም፣ በቃ መነሳት አቃተኝና የተመለስኩት ቅዳሜ ነው። እነዛ ሶስት ሌሊቶች ካቀድኳቸው ጉዞዎች ሁሉ ይበልጡብኛል። ግን የተሳሳትኩት ነገር አለ፣ አንዱማ ሕይወት የሚያስከፍል ስለሆነ እሱን በደንብ አንብቡት።

"ሐይቁ ጋ ውሰደኝ" ማለት

ባጃጅ ውስጥ ገብቼ "ሐይቁ ጋ" ስለው ልጁ ዞር ብሎ "የቱ ሐይቅ ወንድሜ?" አለኝ። እውነቱን ነው። ቢሾፍቱ ሐይቅ እዛው ከተማው መሃል ነው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ነው የምታዩት፣ ሆራ አለ፣ ሪዞርት የበዛባቸው ባቦጋያና ኩሪፍቱ አሉ፣ ከዛ ከከተማው ወጣ ብሎ አረንጓዴ ሐይቅ አለ፣ አረንጓዴነቱ ውሃው ውስጥ ከሚበቅለው አልጌ የመጣ ነው። ሰው የሚረሳው ጨለለቃን ነው። ጥልቀት የለውም፣ ዝናብ ሲጠግብ ይሰፋል በበጋ ይሸሻል፣ ሪዞርትም ምናምንም ስለሌለው ማንም አይጠራችሁም፣ ወፍ ለሚወድ ሰው ግን ከሁሉም እሱ ይሻላል። ስለዚህ ስሙን ለይታችሁ ተናገሩ፣ ኮንትራት ከሆነ ደግሞ ዋጋ ሳትነጋገሩ አትግቡ።

ዳር ዳሩን ልዋኝ ማለት

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ቢሾፍቱ ሐይቅ ድረስ ወረድኩ፣ ሙቀቱ ከባድ ነበር፣ ጫማዬን አውልቄ ሱሪዬን ጠቅልዬ እግሬን ላስገባ ስል አንዲት ልብስ የሚያጥቡ እናት "እረፍ ልጄ! ይሄ ሐይቅ ዳር የለውም" ብለው ጮሁብኝ። አልገባኝም ነበር። ተነስተው ከኔ ቁመት የሚበልጥ የባህር ዛፍ እንጨት አነሱና ካለንበት ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ አድርገው ውሃው ውስጥ አስገቡት፣ እንጨቱ ገባ ገባ እጃቸው ድረስ ገባ፣ መሬት አልነካም።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ቢሾፍቱ፣ ሆራና ባቦጋያ እንደ ላንጋኖ ቀስ እያለ የሚጠልቅ ዳርቻ የላቸውም። ድሮ ከስር የመጣ የቀለጠ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ናቸው፣ ጎናቸው ቀጥ ያለ ነው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፣ ሃያ ፎቅ ህንፃ ይውጣል ማለት ነው፣ ባቦጋያም ከ60 ሜትር በላይ ነው። ላዩ ዝም ያለና የተኛ ስለሚመስል ነው ሰው የሚታለለው። ዋና የምችል ነኝ የሚለው ጓደኛችሁም ቢሆን አይሞክረው፣ መዋኘት ካማራችሁ ጠባቂ ያለበት መዋኛ ገንዳ ሂዱ፣ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ እጁን አትልቀቁ፣ እለምናችኋለሁ።

ካላንደር ሳያዩ መቆየት

ማደር ሲያምራችሁ መጀመሪያ ቀኑን እዩ። የሆራ አርሰዲ ኢሬቻ የሚከበረው መስቀል ካለፈ በኋላ በሚውል አንድ እሁድ ነው፣ ከየአቅጣጫው ሕዝብ ይመጣል፣ ከተማው በባህል ልብስ ይደምቃል፣ አልጋ ግን ከቀናት በፊት ያልቃል። እኔ ረቡዕ በቀላሉ ያገኘሁትን ክፍል አርብ ማታ "ነገ ተይዟል" አሉኝ፣ አራት ፔንሲዮን አንኳኩቼ አንድም አልነበረም፣ ለዚህ ነው ቅዳሜ የወጣሁት። ለበዓሉ መቆየት የሚፈልግ ሰው ቀድሞ ደውሎ ይያዝ፣ እንደኔ ፀጥታ የሚፈልግ ደግሞ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለውን ይምረጥ፣ ዊኬንድ ሰርግና ሙዚቃ ነው።

መታወቂያ ቤት ትቶ መውጣት

አጭር ነገር ነው ግን አልጋ ይከለክላችኋል። ደርሶ መልስ ነው ብላችሁ አትተዉት፣ ፋይዳችሁን ስልካችሁ ላይም ቢሆን ያዙ። ቴሌብር በብዛት ይሰራል፣ ለባጃጅና ለቡና ግን ትንሽ ጥሬ ብር ኪስ ውስጥ ይኑር። ጃኬትም እንደዛው፣ ከተማዋ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፣ ቀን ላብ በላብ ያደረጋችሁ አየር ማታ ሐይቅ ዳር ጋቢ ያስመኛችኋል።

ካሜራ በየቦታው ማውጣት

ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ ነች። ሐይቁን እንደፈለጋችሁ አንሱ፣ አጥር፣ ጥበቃና የሚያርፍ አውሮፕላን ላይ ግን ስልክ አትደግኑ፣ ድሮንማ ጭራሽ ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

ዝቋላን አይቶ ዛሬውኑ ልውጣ ማለት

ጠዋት ሰማዩ ጥርት ሲል ዝቋላ እዚህ ያለ ይመስላል፣ 3,000 ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ተራራ ነው፣ አናቱ ላይም የራሱ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ። አርብ ጠዋት ቦርሳዬን አንግቼ ልሄድ ስነሳ ቁርስ ቤት ያገኘኋቸው አንድ አባት "ብቻህን? መንገዱን ማንን ጠይቀህ?" አሉኝ፣ ማንንም አልጠየቅኩም ነበር፣ ቀረሁ። የአካባቢውን ሁኔታ የዛኑ ቀን እዛው ካሉ ሰዎች ሳትሰሙ አትነሱ፣ ብቻችሁንም አትሂዱ። ከሚሄድ ሰው ጋር መቀላቀል የምትፈልጉ ጥቅምት 5ን ወይ መጋቢት 5ን ጠብቁ፣ ለንግሥ የሚሄድ ምዕመን ብዙ ነው፣ ሐይቁ ግን ለምዕመናኑ ፀበል ስለሆነ እንደ ሽርሽር ቦታ እግር አይነከርበትም።