የሞተር መጋዝ ስትገዙ የሞተሩን ቤት እዩ

ለሙያ ሥራ መካከለኛ የሞተር መጋዝ የምትፈልጉ ከሆነ በባሩ (ሰንሰለቱ በሚዞርበት ረጅም ብረት) ርዝመት አትማረኩ። መጀመሪያ የሞተሩ ቤት ከምን እንደተሠራ ጠይቁ። የባለሙያዎቹ ከማግኒዚየም ነው፤ ለቀላል ሥራ የሚሸጡት ላይ ፕላስቲክ ይበዛል። ማግኒዚየሙ ቀኑን ሙሉ ሙቀትና ጫና ይችላል። ሲበላሽም ፈትቶ መጠገን ይቀላል።

ከ50 እስከ 60 ሲሲ ሞተር ይበቃል። ባሩ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ካስረዘማችሁት ሞተሩ ጠንካራ እንጨት ላይ ያቃስታል። ክብደቱን ባርና ሰንሰለቱ ተገጥሞ በእጃችሁ ሞክሩ፤ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ያለ እነሱ ነው።

የሰንሰለቱን ፍሬን መፈተሽ ደግሞ በፍጹም እንዳትዘሉ። ሞተሩን አጥፉና ፍሬኑ እንዲይዝ የፊቱን የእጅ መከላከያ ወደፊት ግፉት። ጓንት አድርጋችሁ ሰንሰለቱን ስትስቡት ከተንቀሳቀሰ፣ መጋዙን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት።