ቦርሳ ውስጥ የሚግል ላፕቶፕ፣ ከስሊፕ በኋላ የሚጠፋ ኢንተርኔት

ችግር፦ ላፕቶፑን ማታ ቻርጅ አድርገው ጠዋት ክዳኑን ዘግተው ከቱሉ ዲምቱ ይወጣሉ። መሃል ከተማ ሲደርሱ ቦርሳው ግሏል፣ ባትሪው ተጋምሷል።

ምክንያት፦ ዊንዶውስ ስሊፕ ሲያደርግ (ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ሲተኛ) ሁሉም የኮምፒውተሩ ዕቃ እኩል አይተኛም። እያንዳንዱ የራሱ የኃይል ደረጃ አለው፤ ሙሉ ሥራ ላይ ሲሆን ዲ0፣ ሲጠፋ ዲ3 ይባላል። ማውስ፣ ኪቦርድና ኔትወርክ ካርድ ግን ኮምፒውተሩን የመቀስቀስ ፈቃድ ሊኖራቸው ይችላል። የገመድ አልባው ማውስ ሪሲቨር (ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ትንሹ መቀበያ) እንደተሰካ ከቀረና ማውሱ ካልጠፋ፣ የታክሲው መንገጫገጭ ብቻ ሊቀሰቅሰው ይችላል።

መፍትሄ፦ ከመገመት መዝገቡን ማየት ይሻላል። ኢቨንት ቪውወር (ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት) ውስጥ ዊንዶውስ ሎግስ፣ ቀጥሎ ሲስተም ይክፈቱ። ምንጩ ፓወር ትራብልሹተር፣ ቁጥሩ 1 የሆነውን ሲጫኑ «ዌክ ሶርስ» ከሚለው ጎን ብዙ ጊዜ የቀሰቀሰው ዕቃ ስም ይገኛል። ከዚያ ዲቫይስ ማኔጀር (የኮምፒውተሩ ዕቃዎች ዝርዝር) ውስጥ ዕቃውን ቀኝ ክሊክ አድርገው ፕሮፐርቲስ፣ ፓወር ማኔጅመንት ይግቡና የመቀስቀስ ፈቃዱን ምልክት ያንሱ። የኪቦርዱን ፈቃድ ግን አይንኩት። የቀሰቀሰው ታይመር (በተያዘለት ሰዓት የሚቀሰቅስ ቀጠሮ) ከሆነ ደግሞ በፓወር ኦፕሽንስ ዝርዝር ውስጥ፣ ስሊፕ ሥር፣ ዌክ ታይመርስን ይዝጉ።

ፓወር ማኔጅመንት የሚለው ገጽ ከሌለ ላፕቶፑ ሞደርን ስታንድባይ የሚጠቀም ሊሆን ይችላል። ይህ ዓይነቱ ክዳኑ ተዘግቶም ኔትወርክ ሊከታተል ስለሚችል ከምልክት ማንሳት ጋር አይታገሉ፤ በፓወር ኦፕሽንስ «ክዳኑ ሲዘጋ» በሚለው፣ በባትሪ በኩል፣ ሃይበርኔት (ሥራውን ዲስክ ላይ ጽፎ መጥፋት) ይምረጡ። ረጅም መንገድ ላለበት ሰው ከሁሉ የሚሻለው ይኸው ነው።

ችግር፦ ከስሊፕ ሲነሳ ዋይፋዩ ወይም የኢንተርኔት ዶንግሉ አይታይም፤ ነቅለው ሲሰኩት ይመለሳል።

ምክንያት፦ ዕቃው ዲ3 ገብቶ ድራይቨሩ (ዕቃውን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ወደ ዲ0 ሳይመልሰው ቀርቷል።

መፍትሄ፦ በዚያው ፓወር ማኔጅመንት ገጽ ኃይል ለመቆጠብ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ። ለዶንግል፣ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ያለውን የዩኤስቢ ሩት ሃብንም (የዩኤስቢ መሰኪያዎቹን የሚያገናኘውን) እንዲሁ ያድርጉ። ባትሪ በጥቂቱ ይበላል። ካልሰራ ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አውርደው ይጫኑ።

ችግር፦ ዴስክቶፑ ስሊፕ ላይ እያለ መብራት ጠፋ፤ ያልተቀመጠው ሥራ የለም።

ምክንያት፦ በስሊፕ ጊዜ ሥራው ያለው ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ነው፤ ራም ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ይጸዳል።

መፍትሄ፦ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚይዝ ባትሪ) ከሌለ ሃይበርኔት ያድርጉ፤ ሥራውን ዲስክ ላይ ጽፎ ይጠፋል። ሜኑው ላይ ካልታየ በፓወር ኦፕሽንስ የማጥፊያ ቁልፎች ማስተካከያ ውስጥ ምልክት ያድርጉበት። ሲነሳ ከስሊፕ ትንሽ ይዘገያል።