መብራት ሲጠፋ ዳታቤዛችሁን ራሳችሁ አታበላሹት፦ ኤስኪውላይት ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ከዳታቤዛችሁ ጎን፣ ስሙ መጨረሻ ላይ «ጆርናል» ወይም «ዋል» የሚል ፋይል ካያችሁ እባካችሁ አትሰርዙት። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዋናነት ለዚህ ነው። ሌሎቹን ስህተቶችም አነሳለሁ፤ ይህን ግን ሳልቆጣ ማለፍ አልችልም።

ጅማ ውስጥ በየሱቁ፣ በየመድኃኒት ቤቱና በየቡና መሰብሰቢያው ከማያቸው ትንንሽ ሶፍትዌሮች ብዙዎቹ ኤስኪውላይት ላይ የተሠሩ ናቸው። ምርጫው ጥሩ ነው። ሪቻርድ ሂፕ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ዳታቤዝ ሰርቨር አይፈልግም፣ ክፍያ የለውም፣ ዳታው በሙሉ አንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። በኪሳችሁ ያለው ስልክም ይጠቀምበታል። መብራት በድንገት ቢጠፋም እንዲተርፍ ተደርጎ ተሠርቷል። የሚተርፈው ግን እኛ ከተውነው ነው።

በመደበኛ አሠራሩ ኤስኪውላይት አንድ ነገር ከመቀየሩ በፊት የድሮውን ይዘት ጆርናሉ ላይ ይገለብጣል። ከዚያ በኋላ ነው ዋናውን ፋይል የሚነካው። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ዋናው ፋይል ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት ጆርናሉን ያያል፣ የድሮውን ይመልሳል፣ ጆርናሉን ራሱ ያጠፋዋል። እናንተ ምንም ማድረግ አይጠበቅባችሁም። ቀድማችሁ ከሰረዛችሁት ግን የሚመልሰው ነገር የለውም። ያ የተዘበራረቀ ፋይል እንደተዘበራረቀ ይቀራል።

ዋል ደግሞ ሌላ ነው። በዋል አሠራር ኮሚት ያደረጋችሁት (ያጸደቃችሁት) አዲስ ዳታ መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ፋይል ውስጥ ነው። ወደ ዋናው የሚዛወረው ቆይቶ ነው፤ ካልቀየራችሁት በስተቀር ወደ 1000 ገጽ ሲደርስ። ፕሮግራሙ በደህና ሲዘጋ ዋሉ ይጠፋል። ፕሮግራሙ ተዘግቶ ዋሉ አሁንም ካለ፣ ያልተዛወረ ሥራ ውስጡ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። መሰረዝ ማለት ደንበኛው የከፈለበትን ደረሰኝ መቅደድ ነው።

አንድ ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ቡና መሰብሰቢያ ተደወለልኝ። ጊዜው የእሸት ቡና ነው፣ ገበሬው ተሰልፏል። ማታ መብራት ጠፍቷል፣ የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ጠዋት ሶፍትዌሩን የሚከታተለው ልጅ ፎልደሩን ይከፍታል፣ ጆርናሉን ያያል፣ «ይቺ ቆሻሻ ናት ያስቸገረችን» ብሎ ያጠፋታል። ከዚያ «ማልፎርምድ» (ፋይሉ ተበላሽቷል) የሚለው ኤረር መጣ። የማን ስንት ፈረሱላ እንደገባ ያተረፈው ሚዛን ላይ የቆመው ሰው በእጁ የጻፈው ደብተር ነው። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ሥራውንም ይወዳል። የነገረው ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ፕሮግራሙን ዝጉ። ሌላ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ዋናውን ፋይል፣ ጆርናሉን፣ ዋሉን፣ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ስማቸውን አትቀይሩ። ከዚያ በግልባጩ ላይ «ፕራግማ ኢንቴግሪቲ ቼክ» በሉት፤ ፋይሉ ጤነኛ መሆኑን የሚመረምር ትእዛዝ ነው። እውነትም ተበላሽቶ ከሆነ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉት የትእዛዝ መስመር መሣሪያዎች «ሪከቨር» የሚል ትእዛዝ አላቸው፤ የቻለውን ያህል ያወጣላችኋል።

ኮፒ አድርጎ ባክአፕ ማለት

ፕሮግራሙ እየሠራ ዋናውን ፋይል ብቻ ፍላሽ ላይ መገልበጥ ባክአፕ አይደለም። ዋሉ ውስጥ ያለው የዛሬ ሥራ ይቀራል። ስትገለብጡ መሀል ላይ የሚጻፍ ነገር ካለ ደግሞ ግልባጩ ራሱ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። «ባክአፕ» የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ፣ ወይም «ቫኪዩም ኢንቱ» ብላችሁ ወደ አዲስ ፋይል አውጡት። ግልባጩን ደግሞ ከፍታችሁ እዩት። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ አለን ብላችሁ ለደንበኛ አትማሉ።

«ዳታቤዝ ኢዝ ሎክድ»

ይህ «ዳታቤዙ ተቆልፏል» የሚል ኤረር ሲመጣ ብዙ ልጆች «ኤስኪውላይት ለቁም ነገር አይሆንም» ይሉና ወደ ትልልቅ ሰርቨሮች ይሮጣሉ። ቆይ፣ ረጋ በሉ። ኤስኪውላይት በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ ነው የሚያስተናግደው። ሌላው ወረፋ መጠበቅ አለበት። ችግሩ ጠብቅ ካልተባለ አይጠብቅም። በሲ ላይብረሪው የመጠበቂያው ጊዜ ከመነሻው ዜሮ ነው። በፓይተን 5 ሰከንድ ነው። ስለዚህ «ቢዚ ታይምአውት» የሚለውን ጥቂት ሰከንድ ስጡትና ምን ያህሉ ኤረር እንደሚጠፋ እዩ።

ቀጥሎ ዋልን አብሩ። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ አንባቢ ጸሐፊውን አያግደውም፣ ጸሐፊም አንባቢውን። አንዴ ከተበራ ፋይሉ ላይ ይቀራል፣ በየጊዜው ማብራት አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ከተቆለፈ ጥፋቱን ኮዳችሁ ውስጥ ፈልጉ። ደጋግሜ ያገኘሁት ይህ ነው፦ ሽያጭ ሲጀመር ትራንዛክሽን (አብሮ የሚጸድቅ ወይም አብሮ የሚሻር የሥራ ጥቅል) ይከፈታል፣ መጻፍ ይጀመራል፣ ከዚያ «ያትም ወይስ ይቅር?» የሚል ሳጥን ይመጣል። ገንዘብ ተቀባይዋ ሳጥኑን ሳትነካው ለምሳ ትወጣለች። ቁልፉ አብሯት ወጣ። መጀመሪያ ሰውን ጠይቁ፣ መልሱን ያዙ፣ ከዚያ ከፍታችሁ ጽፋችሁ ወዲያው ዝጉ። አንብባችሁ በዚያው ትራንዛክሽን የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው «ቢጊን ኢሚዲየት» በሉ። በንባብ ጀምሮ መሀል ላይ ወደ መጻፍ የሚዞር ትራንዛክሽን ሌላ ሰው ከቀደመው የመጠበቂያው ጊዜ እንኳ አያድነውም፣ ወዲያው በኤረር ይመለሳል።

ሼር የተደረገ ፎልደር

አታድርጉት። ፋይሉን አንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ ሌሎቹ በኔትወርክ እንዲከፍቱት ማድረግ ያስጎመጃል፤ ሁለት ገንዘብ ተቀባይ ያለው ሱቅ ሁሉ ይህን ይጠይቃችኋል። የኔትወርክ ፎልደሮች ግን የፋይል ቁልፍን በትክክል ለመጠበቃቸው ዋስትና የለም። ዋል ደግሞ የጋራ ሜሞሪ ስለሚፈልግ በተለያዩ ማሽኖች መካከል ጭራሽ አይሠራም። አንድ ማሽን ላይ ትንሽ ፕሮግራም አስቀምጡ፣ ፋይሉን እሱ ብቻ ይክፈተው፣ ሌሎቹ እሱን ይጠይቁት። ይህ ከበዛባችሁ ያኔ ነው ፖስትግሬስ የሚባለው ባለ ሰርቨር ዳታቤዝ የሚያስፈልጋችሁ።

ባጭር ባጭሩ

«ሲንክሮነስ ኦፍ» የሚለውን (ዳታው ዲስኩ ላይ መድረሱን ሳያረጋግጥ እንዲቀጥል የሚያደርገውን) ለፍጥነት ብላችሁ አታድርጉ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህን ማጥፋት ዳታውን ለዕድል መተው ነው። ከዋል ጋር «ኖርማል» ይበቃችኋል፤ መብራት ሲጠፋ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ኮሚቶች ሊቀሩ ይችላሉ፣ ፋይሉ ግን አይበላሽም።

ፍጥነት ከፈለጋችሁ ብዙ መዝገብ በአንድ ትራንዛክሽን አስገቡ። ኤስኪውላይትን የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው እንደሚሉት በተራ ኮምፒውተር በሰከንድ 50,000 ማስገቢያ ይሄዳል። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ትራንዛክሽን ግን በሰከንድ ወደ 60 ብቻ ነው። እያንዳንዱን መዝገብ ለብቻው ኮሚት ስታደርጉ የሚያዘገማችሁ ይህ ነው።

«ፎሪን ኪይ» (አንድ ሠንጠረዥ የሚጠቅሰው መዝገብ በሌላው ውስጥ መኖሩን የሚያረጋግጠው) ከመነሻው ጠፍቶ ነው የሚመጣው። በእያንዳንዱ ግንኙነት ላይ አብሩት፤ አንዴ አብርቻለሁ ብላችሁ አትተዉት።

ተጠቃሚ የጻፈውን ጽሑፍ ኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ትእዛዝ) ውስጥ በመደመር ምልክት አታያይዙ።

ስልክ ቁጥርን «ኢንቲጀር» (ሙሉ ቁጥር) አታድርጉት፣ ፊት ያለችው 0 ትጠፋለች። ብርን ደግሞ በነጥብ ቁጥር አትያዙ፤ በሳንቲም ቆጥራችሁ ሙሉ ቁጥር አስቀምጡ። ቁጥር ቦታ ላይ «አሥር» ተብሎ በፊደል ቢገባ ኤስኪውላይት ዝም ብሎ ይቀበላል። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ «ስትሪክት» የሚባል የሠንጠረዥ ዓይነት ስላለ አዲስ ስትጀምሩ እሱን ተጠቀሙ።

የእኛ ቀን

ኤስኪውላይት የራሱ የቀን ዓይነት የለውም። በጽሑፍ ወይም በቁጥር ነው የምታስቀምጡት። የቀን ስሌቶቹ ግን የሚያውቁት የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጥቅምት 28 ቀን 2017ን «2017-02-28» ብላችሁ አስገብታችሁ አንድ ቀን ጨምር ብትሉት «2017-03-01» ይላችኋል። ኅዳር 1 ማለት ነው። ጥቅምት 29ና 30 ጠፉ። ጳጉሜን ከሰጣችሁት ደግሞ 13ኛ ወር ስለማያውቅ ባዶ ይመልሳል። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ወለድ ወይም የዱቤ ቀን የሚያሰላ ሶፍትዌር ላይ ይህ ሰው ያጣላል። በፈረንጁ አቆጣጠር፣ ዓመት-ወር-ቀን በሚል ቅደም ተከተል አስቀምጡና ስክሪን ላይ ብቻ ወደ እኛው ቀይሩ።

ስም ፍለጋ

ይህን ከውጭ በሚመጡ ትምህርቶች ውስጥ አታገኙትም። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ኀይሉ፤ ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኤስኪውላይት አራት። አህመድና አሕመድ፣ ፀሐይና ጸሃይም እንደዚሁ። ፀሐፊዋ ፈልጋ ስታጣ አዲስ ደንበኛ ብላ ትመዘግባለች፣ የአንድ ሰው ዱቤ ሁለት ቦታ ይከፋፈላል። ስለዚህ ሁለት ዓምድ አድርጉ። አንዱ ላይ ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጥ። ሌላው ላይ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ወደ አንድ አምጥታችሁ አስቀምጡ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነዝርያቸው። ሃ እና ኣንም ወደ ሀ እና አ ማምጣት አትርሱ። የሚፈለገውንም ቃል በዚያው መንገድ ቀይሩና በሁለተኛው ዓምድ ፈልጉ፤ ኢንዴክሱም (ፍለጋ የሚያፋጥነው ማውጫ) እሱ ላይ ይሁን።

ጅማ ውስጥ ደግሞ ግማሹ ስም በቁቤ ነው የሚገባው። እዚያ «ላይክ» የሚባለው የፍለጋ ትእዛዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፣ የእኩል ምልክት ግን ይለያል። ዓምዱን «ኖኬዝ» ብትሉት ይስተካከላል። ደረሰኝ ላይ የሚታተመው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ዓምድ ይሁን፤ ሰው ስሙን ራሱ በሚጽፍበት ፊደል ነው ማየት ያለበት።