ጠርሙስ ውስጥ ፈሳሽ፣ አፍንጫ ውስጥ ጄል፦ መድኃኒትን ወደ አንጎል ለማድረስ

በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር አብዛኛውን መድኃኒት አያሳልፍም። በአፍንጫ ጣሪያ ያለው የማሽተት ነርቭና ትራይጀሚናል ነርቭ (የፊትንና የአፍንጫን ስሜት የሚያደርሰው) ግን አጥሩን ዞሮ የሚሄድ መንገድ ይከፍታሉ። ጠላታችን ጊዜ ነው፤ አፍንጫ የገባውን ፈሳሽ ሲሊያ የሚባሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጠራርገው ወደ ጉሮሮ ይሰዱታል። ጠርሙስ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ፣ በአፍንጫ ሙቀት ረግቶ የሚቆይ ጄል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሚዛን ከመንካታችሁ በፊት አስሉ። በአንድ የአፍንጫ ቀዳዳ የሚሰጠው 0.1 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። መጠኑ 5 ሚሊ ግራም ከሆነ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም መሸከም አለበት። 200 ሚሊ ግራም የሚጠይቅ መድኃኒት በዚህ መንገድ አይሆንም፤ እዚሁ ተዉት።

መጀመሪያ መድኃኒት የሌለበት 50 ሚሊ ሊትር ሥሩ። 0.25 ግራም ኤችፒኤምሲ ኬ4ኤም (ፈሳሹን የሚያወፍር ዱቄት) 80 ዲግሪ በሞቀ 15 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ላይ በትኑና ቀዝቃዛ ውሃ እየጨመራችሁ አብርዱ፤ በቀጥታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከገባ ይጓጉላል። ፖሎክሳመር 407 (ሲሞቅ ጄል የሚሆነው ንጥረ ነገር) ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ የሚሟሟው በቅዝቃዜ ነው። ቢከሩን በረዶ ላይ አድርጋችሁ 9 ግራም (18 በመቶ) በጥቂት በጥቂቱ ነስንሱ፤ በዝግታ አማስሉ። ፈጥናችሁ ካማሰላችሁ አረፋ ይሞላና መጠኑን ያሳስታችኋል። ከ1 በመቶ የቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ (ጀርም የሚከላከል ማቆያ) ውህድ 0.5 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፣ በውሃ እስከ 50 ሚሊ ሊትር ሙሉ፣ በ4 ዲግሪ አሳድሩት። በማግስቱ ጥርት ማለት አለበት። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ4.5 እስከ 6.5 ይሁን። መድኃኒቱ ሲገባ ከፖሎክሳመሩ በፊት ይሟሟ፤ ጨው ከበዛ ጄል የሚሆንበትን ሙቀት ዝቅ ያደርጋል።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና። ከሠራችሁት 2 ሚሊ ሊትር የሙከራ ቱቦ ውስጥ አድርጋችሁ ዋተር ባዝ (ሙቀቱ የሚስተካከል የውሃ ገንዳ) ላይ ከ20 ዲግሪ ጀምሩ፤ በየ5 ደቂቃው 1 ዲግሪ ጨምሩና ቱቦውን ገልብጡ። ለ30 ሰከንድ ካልፈሰሰ ጄል ሆኗል። ከ30 እስከ 33 ዲግሪ ጥሩ ነው፤ የአፍንጫ ውስጥ ሙቀት 34 አካባቢ ስለሆነ። ብዙዎች እዚህ ይቆማሉ፤ ስህተቱም ያለው እዚህ ነው። አፍንጫ እርጥብ ነው። በሊትር 7.45 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ፣ 1.29 ፖታሲየም ክሎራይድና 0.32 ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት ያለው ሰው ሠራሽ የአፍንጫ ፈሳሽ ሥሩና 0.2 ሚሊ ሊትር ጨምራችሁ ድገሙት። 18 በመቶ የነበረው ወደ 16.4 ይወርዳል፤ ጄል የሚሆንበት ሙቀትም ከአፍንጫው ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ 19 እና 20 በመቶውንም ጎን ለጎን አዘጋጁ።

ወሎ ውስጥ ሌላም ፈተና አለ። ደሴ ደጋ ላይ ሆኖ ፈሳሽ የነበረው ባቲ ወይም ቆቦ ቆላ ሲወርድ ጠርሙሱ ውስጥ ይረጋና መርጫው አልረጭም ይላል። ፍሪጅ ከገባ ይመለሳል፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እንኳ ሲጓዝ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚይዝ የበረዶ ሳጥን ይሁን።

መድኃኒቱ የአፍንጫን ሽፋን ማለፉን ለመለካት ከቄራ የበግ አፍንጫ ሽፋን በዕለቱ ውሰዱ። በቀዝቃዛ ፎስፌት በፈር (ፒኤቹ 6.4 ላይ የሚጸና ፈሳሽ) አምጡት፤ በረዶ ካደረጋችሁት ህዋሱ ይቀደዳል፣ መድኃኒቱም በቀዳዳው ይፈሳል እንጂ አይተላለፍም። በፍራንዝ ሴል (ሽፋኑ በሁለት ክፍሎች መካከል የሚወጠርበት ዕቃ) በ34 ዲግሪ ሥሩ።

ሽፋኑን ማለፍ ግን አንጎል መድረስ አይደለም፤ ሽፋኑን ያለፈው በደምም ሊሄድ ይችላል። በሥነ ምግባር ኮሚቴ በተፈቀደ የእንስሳት ጥናት፣ በአፍንጫና በደም ሥር በተሰጠው መካከል የአንጎልና የደም መጠኑ ሲነጻጸር ብቻ ነው የሚለየው። ከዚያ በፊት በራሳችሁም ሆነ በሰው አፍንጫ ላይ አትሞክሩ።