ዝናቡ ሲያባራ ጎርፉ ገና መንገድ ላይ ነው

የተወለድኩት ፎገራ፣ ናበጋ ከምትባለው የጣና ዳር ቀበሌ ነው። አሁን ባሕር ዳር ሽምብጥ ብኖርም ነሐሴ በገባ ቁጥር ልቤ እዚያው ነው፤ እናቴ ከቤቷ ንቅንቅ አላለችም። ዝናብ የዋለ ዕለት ማታ ስደውልላት የምጠይቃት «ዘነበ ወይ?» ብዬ አይደለም፤ «ጉና ጠቁሯል ወይ?» ብዬ ነው።

ወንዞቻችን ርብና ጉማራ የሚነሱት ከጉና ተራራ ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር አካባቢ፣ የእኛ ሜዳ ከሐይቁ እምብዛም የማይበልጥ። እኛ ዘንድ ፀሐይ ወጥታ ሰው ልብሱን ባሰጣበት ሰዓት ተራራው ላይ የወረደው ውሃ ገና እየመጣ ነው። ጣናም ክረምቱን ሙሉ ሲጠራቀም ከርሞ ጢም የሚለው መስከረም ላይ ነው። ሐይቁ ሲሞላ ወንዞቹ መግቢያ ያጡና ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ስለዚህ እኛን ጎርፍ ሁለት ጊዜ ይጎበኘናል፤ አንዴ ከተራራው በሩጫ፣ አንዴ ከሐይቁ በዝግታ። ሁለቱም የሚመጡት ሰው «አለፈልን» ብሎ እፎይ ባለ ጊዜ ነው።

ሳይክሎን የሚባለው የውቅያኖስ አውሎ ነፋስ ጣና አይደርስም። እሱ ባለፈበት አገር የሆነውም ግን ይኸው ነው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ኢዳይ የተባለው ሳይክሎን ሞዛምቢክ ውስጥ ቤይራን ከመታ በኋላ ቡዚና ፑንግዌ የሚባሉ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሐይቅ አደረጉት፤ ከኋላው ደግሞ ኮሌራ ተከተለ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋን በሌሊት የመታው ጎርፍም ከደጋው የወረደ ነበር። እኔም ጣና ዳር ጤና ኬላ ውስጥ ስድስት ዓመት ስሠራ በጎርፍ ሰሞን ብዙ ሰው የታመመብኝና የተጎዳብኝ ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው።

አባቴ ነሐሴ ሲብት አንድ እንጨት ጠርቦ ከደጃፋችን ዝቅ ብሎ ይተክል ነበር። በቢላዋ በየጣቱ ስፋት እየቆረጠ ምልክት ያደርግበታል፤ ምልክቱን በከሰል ያጠቁረዋል፣ ማታ በኩራዝ እንዲታይ። ዝናብ ካባራ በኋላ በየሰዓቱ እየወጣ ያየዋል። ውሃው በአንድ ሰዓት ሁለት ምልክት ከበላ ከብቱ ይፈታል፣ ልጆች ይቀሰቀሳሉ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ እንወጣለን። «ትንሽ እንጠብቅ» የሚባል ነገር አልነበረም። ዛሬም ከዚህ የተሻለ አላውቅም። እንጨቱን ትከሉ፣ ሌሊቱን ተራ ገብታችሁ ጠብቁ፣ የምትሄዱበትን ከፍታ ቦታ በቀን ረግጣችሁ እወቁት። የመሬት ደብተራችሁን፣ መታወቂያችሁን፣ የጤና መድን ደብተሩንና በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ እሱንም በሁለት ፌስታል ጠቅልላችሁ ማገር ላይ አንጠልጥሉ፤ ስትወጡ መንጠቅ ብቻ ነው።

መንገድ ላይ ውሃ ካገኛችሁ አትሻገሩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው። የሚሮጥ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ሲል፣ ትልቅ ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ባጃጅን ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ድፍርስ ውሃ ከሥሩ መንገዱ ይኑር ቦይ አያሳይም። በእኛ አካባቢ ደግሞ እምቦጭ አለ። ውሃው ተሸክሞት መጥቶ ቦዩ ላይ ያነጥፈዋል፤ ከላይ ሲያዩት ጨፌ ይመስላል፣ ሲረግጡት ሰው ይውጣል። ግድ ሆኖ የቆመ ውሃ የምታልፉ ከሆነ ዱላ አስቀድሙ፣ ልጅ አዝላችሁ አትግቡ፣ ሰው የበዛበት ታንኳ ላይም አትሳፈሩ። ጎርፉ ካላስወጣችሁ በቀር ሲመሽ ከደጃፋችሁ አትራቁ፤ ዳርቻው በውሃ ሲዋጥ ጉማሬ ሣር ፍለጋ ወደ ማሳው ይጠጋል፣ በጨለማ መንገዱ ላይ የገባበትን ሰው አይምርም።

ውሃው ወጣ ብላችሁ ወደ ቤት ስትመለሱ አትቸኩሉ፤ እዚህ ላይ ብዙ እናገራለሁ። ጭቃ ቤት ውሃው ከሸሸ በኋላም ሊወድቅ ይችላል። መጀመሪያ ዙሪያውን ከውጭ ተመልከቱ። ምርጊቱ ከታች ተልጦ ማገሩ ከታየ፣ ግድግዳው ሆዱን ከነፋ፣ የምሰሶው ሥር በዱላ ሲወጉት እንደ ገንፎ ከገባ፣ ያ ቤት ለጊዜው ቤት አይደለም። በሩ አልከፈት ካለም ግድግዳው አዝምሞ ተጭኖት ሊሆን ይችላል፤ በትከሻ አትግፉት። ደህና ከመሰላችሁም አንድ ሰው ይግባ፣ ሌላው ውጭ ቆሞ ይጠብቀው። እቃ ከማንሳታችሁ በፊት በዱላ ነካ ነካ አድርጉት፤ እባብም እንደ ሰው ደረቅ ቦታ ይፈልጋል፣ በተለይ የተጠቀለለ ሰሌንና የእህል ከረጢት ሥር። የሽንት ቤቱን ጉድጓድ አፍ ሳታዩ ማንም አይጠቀም፤ ጠርዙ ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል።

ኤሌክትሪክ ባለበት ቤት እግራችሁ እርጥብ ሆኖ ብሬከር አትንኩ። ቆጣሪው ወይም ሶኬቱ ውሃ ከነካው ባለሙያ ሳያየው አይበራ። ሽቦ የወደቀበት ውሃ ውስጥ ማንም እንዳይገባ ዙሪያውን ከልክሉ።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቤቱ እንዲደርቅ ብላችሁ በር ዘግታችሁ ከሰል አታንድዱ። አንድ ዓመት አንዲት ጎረቤታችን አራስ ልጇ እንዳይበርዳት ምድጃውን አስገብታ በሩን ዘጋች። ሌሊት ባሏ ከከብት ጥበቃ ሲመለስ ሁለቱም ራሳቸውን ስተው አገኛቸው፤ ተርፈዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጭሱ ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ቤቱን በርና መስኮት ከፍታችሁ በነፋስ አድርቁት፤ ለሙቀት ጋቢና ብርድ ልብስ ከጎረቤት ተዋሱ።

ወደ ውሃው እንምጣ። ጎርፍ የሽንት ቤቱንም የበረቱንም ይዞ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ጎርፍ የገባበትን ጉድጓድ የጤና ባለሙያ በክሎሪን እስኪያክመው ድረስ አትጠጡ። የጣናንም ሳታክሙ አትጠጡ። ውሃው ከደፈረሰ አሳድራችሁ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ አጥልሉት። ከዚያ «ውሃ አጋር» የሚባለው የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ካላችሁ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ አቆዩት። ከሌላችሁ አፍሉት፤ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ የምትኖሩ ደጋዎች 3 ደቂቃ አድርጉት። ወለሉንና ዕቃውን መጀመሪያ በሳሙና እጠቡ፤ ከዚያ በ20 ሊትር ጀሪካን ውሃ አንድ ብርጭቆ በረኪና አድርጋችሁ ጥረጉት። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉ።

ተቅማጥ ከጀመረ ቀን አትቁጠሩ። አንዱን ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ ቅመም) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ወዲያው ጀምሩ። ከሌለ 6 የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በ1 ሊትር ውሃ። ሕፃን ጡት ይጥባ፣ አይከልከል። ተቅማጡ የሩዝ ውሃ ከመሰለ ወይም ዓይኑ ከጎደጎደ እየሰጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ጳጉሜ 3 ቀን የሩፋኤል ዝናብ ሲወርድ ልጆች ራቁታቸውን ይሮጣሉ፤ እኛም በዚያ ነው ያደግነው፣ አልከለክልም። ከሰማይ የሚወርደው ይንካቸው፤ መሬት ላይ የተኛው ውሃ ውስጥ ግን አይግቡ። ቢልሃርዚያ አለ፣ አልቅት አለ፣ የተሰበረ ጠርሙስ አለ። ውሃ ያነቀውን ከብት ሥጋም ቆዳም ተዉት። ቆዳው ያሳዝናል፣ አውቃለሁ፤ ግን ከብቱ ቀድሞ በአባ ሰንጋ ሞቶ ውሃው ያመጣው ይሁን አይሁን በዓይን አይታወቅም። ለእንስሳት ሐኪም ተናገሩ። የበሰበሰና የሻገተ እህልም ታጥቦ ወይም ተፈጭቶ አይድንም፤ ለዶሮም አይሰጥ።

ውሃው ሲሸሽ የመጨረሻው እንግዳ ወባ ነው። በየጋሬጣው ሥር፣ በከብት ኮቴ ውስጥ ሳይቀር የቀረው ውሃ ትንኝ ያፈላል፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሁልጊዜ አጎበር ውስጥ ተኙ። ትኩሳት ከያዘ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ሂዱ፤ «ብርድ መቶኝ ነው» እያሉ ሦስት ቀን የቆዩ ሰዎች ተሸክመው ያመጡልኝ ነበር።

ትናንት ማታ እናቴ ዘንድ ደወልኩ። ጉና ጠርቷል አለችኝ፤ እንጨቱ ላይም ውሃው ሦስት ምልክት ወርዷል። አጎበሩን ከማገሩ አውርዳ አልጋዋ ላይ እንድታስረው ነገርኳት፤ ስልኩን ሳልዘጋ አሰረችው።