ጠንቋይዋ ስትተርክ፦ የታወቀን የልጆች ተረት ከክፉዋ ወገን ሆኖ መጻፍ

የታወቀ ተረት ከክፉው ባለታሪክ አንጻር ሲጻፍ ቶሎ የሚበላሸው ጸሐፊው ለክፉው ጥብቅና ለመቆም ሲቸኩል ነው። «ለካስ ደግ ኖራለች» ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ አንባቢ የሚሟገትበት አያገኝም። የተፈጸመውን ሁሉ እንዳለ ተዉት፤ የምትለውጡት ምክንያቱን ብቻ ይሁን። ማሳያችን ኤል. ፍራንክ ባውም በ1900 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የኦዝ ታሪክ ነው፤ ተራኪያችን ደግሞ የመጽሐፉ ዋና ባለታሪክ በሆነችው ልጅ፣ በዶሮቲ እጅ የምትሞተው የምዕራቧ ክፉ ጠንቋይ።

መጀመሪያ ምንጩን አጥሩ። ብዙ ሰው ጠንቋይዋን የሚያውቃት ከ1939ኙ ፊልም ነው። አረንጓዴ ፊቷ፣ ቀይ ጫማው፣ በመጥረጊያ መብረሯ፣ የምሥራቋ ጠንቋይ እህት መሆኗ በባውም መጽሐፍ የሉም። እዚያ ዶሮቲ የምትጫማው አስማተኛ ጫማ የብር ነው፤ ጠንቋይዋ ያላት አንድ ዓይን ብቻ ሲሆን እንደ ቴሌስኮፕ አርቆ ያያል፤ ከእጇ የማይለየው ጃንጥላ ነው። ባውም በ1919 ስላረፈ መጽሐፉን እንደ ልብ መጠቀም ይቻላል፤ ፊልሙ ግን አሜሪካ ውስጥ እስካሁን በቅጂ መብት የተጠበቀ ነው። «ኤልፋባ» የሚለውን ስም ያወጣላትም ባውም ሳይሆን በ1995 ስለ እሷ ልቦለድ ያሳተመው ግሪጎሪ ማጓየር ነው። ስም ካስፈለጋችሁ ራሳችሁ አውጡላት።

ቀጥሎ ምዕራፍ 12ን ደጋግማችሁ አንብቡ። መጽሐፉ 24 ምዕራፍ ቢኖረውም ጠንቋይዋ በአካል የምትገኘው እዚህ ብቻ ነው። ወረቀት ለሁለት ክፈሉና በአንድ በኩል ያደረገችውን፣ በሌላው በዚያች ሰዓት ታውቀው የነበረውን ጻፉ። ዋናው ሥራ ሁለተኛው ረድፍ ነው። ዶሮቲ ማንንም መግደል እንደማትወድ የሚያውቀው አንባቢው ነው። ጠንቋይዋ የምታየው መጥረቢያ የያዘ የቆርቆሮ ሰው፣ አንበሳ፣ የገለባ ሰውና አንዲት ልጅ ሳይፈቀድላቸው አገሯ መግባታቸውን ነው። መጠርጠሯም ትክክል ነው፤ ኦዝ የሚባለው ጠንቋይ ገዥ የላካቸው እሷን እንዲገድሉ ነውና። እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚታይ ስሕተት አለ፦ ጸሐፊዎች ከመጀመሪያው ጫማውን ታሳድዳለች ብለው ይነሣሉ። በመጽሐፉ ጫማውን የምታየው ዶሮቲ ተማርካ ፊቷ ከቀረበች በኋላ ነው፤ ስታየውም በፍርሃት ትንቀጠቀጣለች። ይህን ቅደም ተከተል ካፈረሳችሁ ታሪኩ ከድንበር ጥበቃ ወደ ተራ ስስት ይወርዳል።

ቁጥሮቹን አትንኩ። 40 ተኩላ ላከች፣ የቆርቆሮው ሰው 40ውንም አንገታቸውን ቀላ። 40 ቁራ ላከች፣ የገለባው ሰው 40ውንም አንገታቸውን ጠመዘዘ። ንቦቹ ቆርቆሮ ሲነድፉ መንደፊያቸው ተሰብሮ አለቁ። ዋናው መጽሐፍ ይህን ሁሉ እንደ ጨዋታ ፈጠን አድርጎ ያልፈዋል፤ እናንተ ግን ቆዩበት። ተኩላዎቹን ማን ይመግብ ነበር? ፉጨቷን ሰምቶ የሚመጣ ሲጠፋ ምን አደረገች? ከሦስት እስከ አራት አንቀጽ ይበቃል። «አዘንኩ» አታስብሏት፤ ትቁጠር።

ከሁሉም የበለጸገው ቦታ የወርቅ ቆቡ ነው። ባለቤቱ የሚበርሩትን ጦጣዎች ሦስት ጊዜ ብቻ መጥራት ይችላል። አንዱን የምዕራቡን አገር ሰዎች፣ ዊንኪዎችን፣ ባሪያ ለማድረግ፣ አንዱን ኦዝን ከምዕራብ ለማባረር ተጠቅማበታለች፤ የቀራት አንድ ነው። ኦዝን ማባረሯ ቂሙን ያስረዳል፤ እሱ ራሱ መምጣት ስላልደፈረ ልጅ ላከ። የዊንኪዎቹ ባርነት ግን በምንም አይታጠብም፤ መታጠብም የለበትም። ወንጀሏን በዋናው ዓረፍተ ነገር ሳይሆን በጎን አስገቡት፦ «ዊንኪዎቹ ዛሬ ጠዋት አልዘፈኑም። ከልክያቸዋለሁ፤ ራሴን ያመኛል።» አንባቢው ፈገግ ብሎ ወዲያው ሲደነግጥ ተሳክቷል። በየትዕይንቱ አንድ እንዲህ ያለ ነገር ይኑር፤ ሁለት ሲሆን ይሰለቻል።

ሤራው የሚንቀሳቀሰው በሁለት ፍርሃት ነው። ዶሮቲ ጫማዋን የምታወልቀው ሌሊት ስትተኛና ገላዋን ስትታጠብ ብቻ ሲሆን ጠንቋይዋ ጨለማ ትፈራለች፣ ውሃን ደግሞ ከጨለማም አብልጣ ትፈራለች። ለዚህ ነው በመጨረሻ ጫማው እንዲወልቅ የማይታይ የብረት ዘንግ ወለሉ ላይ አጋድማ ልጅቱን የምትጥላት። ዶሮቲም ተናዳ ባልዲ ውሃ ትደፋባታለች፤ ጠንቋይዋ ቀልጣ ትሞታለች። ክፍተቱ ሌላ ጋ ነው፦ ውሃ የሚገድላት ሰው ምርኮኛዋን ለምን ማድ ቤት፣ ከባልዲ አጠገብ ታሠራለች? ባውም አይመልስም፤ እናንተ መልሱ። ንቀት ጥሩ መልስ ነው። ውሃው ድንገት ከሰማይ እንዳይወርድ ጃንጥላውን በመጀመሪያው ገጽ፣ ወለል እጥበቱን በመካከሉ አሳዩ።

ማን ይተርክ? በ«እኔ» ከጻፋችሁ የሞተች ሴት አሟሟቷን ታስረዳለች፤ ይህ ብዙ ረቂቅ ያበላሸ ጉዳይ ነው። ወይ ባልዲው ሳይደፋ አቁሙ፣ ወይ በሦስተኛ መደብ ሆናችሁ ከእሷ ዓይን ሳትርቁ ሂዱ። በሦስተኛ መደብ ከሆነ አማርኛ አንድ መሣሪያ ይሰጣችኋል፦ ተራኪው «እሳቸው» ሲላት ቆይቶ ዊንኪዎቹ እርስ በርሳቸው ሲያወሩ «እሷ» ይበሏት። አንባቢው ዋናውን ታሪክ የማያውቅ ከሆነም የታወቀውን ቅጂ በእነዚሁ ዊንኪዎች ሐሜት በመጀመሪያው ገጽ አስነግሩ። ለመጀመሪያ ሙከራ ከ1,500 እስከ 2,500 ቃል፣ አምስት ትዕይንት ይበቃል።

ረቂቁ ሲያልቅ ዶሮቲ ያለችባቸውን መስመሮች ብቻ አንብቡ። ጠንቋይዋ በንቀት ብትተርከውም ልጅቱ ጥሩ ልጅ ሆና መታየት አለባት። አንበሳው እንዲራብ ታስሮ ሳለ ዶሮቲ ሌሊት ሌሊት ምግብ ትሰርቅለታለች፤ ተራኪዋ ይህን «ሌብነት» ትበለው። ዶሮቲ ነገረኛ ሆና ከተገኘች ክፉውን ቀየራችሁ እንጂ አንጻሩን አልቀየራችሁም፤ ከሁለተኛው ረድፍ እንደገና ጀምሩ።